ኮከቡን ሪሲቨር የሚያቆመው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 2020 በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤን.ኤፍ.ኤል.) ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ታምፓ ድረስ ሄዶ ከታምፓ ቤይ በካኒርስ ጋር ሲጋጠም፣ ሪሲቨሩ (የተወረወረ ኳስ የሚቀበለው አጥቂ) ታይሪክ ሂል በመጀመሪያው ሩብ ብቻ 7 ኳስ ተቀብሎ 203 ያርድ አገኘባቸው። ጨዋታው ሲያልቅ 13 ኳስ፣ 269 ያርድና 3 ታችዳውን (ኳሱን ከጎል መስመሩ አሻግሮ የሚገኝ ነጥብ) ይዞ ወጣ። ብዙውን ጊዜ ከፊቱ የተገኘው ካርልተን ዴቪስ ነበር፤ ረጅም፣ ጉልበተኛና በሊጉ የተከበረ ኮርነርባክ፣ ማለትም ሪሲቨሮችን የሚይዝ የዳር ተከላካይ። ከ10 ሳምንት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2021፣ ሁለቱ ቡድኖች በዚያው ስታዲየም ለሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ፣ ለሱፐር ቦውል ተገናኙ። ሂል 7 ኳስ ለ73 ያርድ ተቀበለ፤ ታችዳውን አላስቆጠረም፤ ታምፓ ቤይ 31 ለ 9 አሸነፈ። ዴቪስ ያው ዴቪስ ነው፣ ሂልም ያው ሂል ነው። በመሀል የተለወጠው የመከላከል አሰልጣኙ ቶድ ቦውልስ ሁለት ሴፍቲዎችን፣ ማለትም ከሁሉም ኋላ የሚቆሙትን ተከላካዮች፣ አርቆ ማቆሙ ነው።

በየሳምንቱ ከጨዋታ በፊት የሚነሳው ጥያቄ ግን «እገሌን ማን ይይዘዋል?» የሚል ነው። ቴሌቪዥኑ የሪሲቨሩንና የኮርነርባኩን ፎቶ ጎን ለጎን ይደረድራል፤ ተንታኞችም የቦክስ ግጥሚያ ይመስል አንዱን ይመርጣሉ። እኔ ጥያቄው ራሱ ጎዶሎ ነው ባይ ነኝ። ሁለቱ ሰዎች የሚያደርጉት ፍልሚያ እውነተኛና አስደናቂ ነው፤ ውጤቱን በብዛት የሚወስነው ግን ከኮርነርባኩ ጀርባ ሴፍቲው የት ቆሟል የሚለው ነው። የምርጥ ኮርነርባክ ዋጋም ኮከቡን ባዶ እጁን በመመለሱ ብቻ አይለካም። ያለ ረዳት ለብቻው ሊተው በመቻሉ፣ በዚህም ሌላ አንድ ተከላካይ ነፃ በማውጣቱ ይለካል።

ነገሩ አሁን የትልቅ ገንዘብ ጉዳይ ሆኗል። በማርች 2025 ሲንሲናቲ ቤንጋልስ ለጃማር ቼዝ የ4 ዓመት 161 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠ፤ በዓመት 40.25 ሚሊዮን ማለት ነው። በጁላይ ደግሞ ኒው ዮርክ ጄትስ በቅጽል ስሙ ሶስ ለሚባለው አህመድ ጋርድነር 4 ዓመት ለ120.4 ሚሊዮን ዶላር ፈረመለት። በዓመት 30.1 ሚሊዮን ሲሆን በጊዜው ለኮርነርባክ ከተከፈለው ሁሉ ትልቁ ነበር። ፊርማው ሳይደርቅ፣ ኖቬምበር 4 ቀን ጄትስ ያንኑ ጋርድነርን ለኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ አሳልፎ ሰጠ፤ በምትኩ ሁለት የመጀመሪያ ዙር የድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት) ምርጫዎችንና ሪሲቨሩን አዶናይ ሚቼልን ተቀበለ። አንድ ኮርነርባክ ይህን ያህል ያወጣል ወይ? በ10 ሚሊዮን ዶላርስ ከሪሲቨሩ ለምን ያንሳል?

መልሱ ከሥራው ጠባይ ይጀምራል። ሪሲቨሩ ወዴት እንደሚሮጥ ያውቃል፤ ኮርነርባኩ አያውቅም። ኳሱ ኳርተርባኩ (ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች) እጅ ከገባበት ቅጽበት አንስቶ እስኪወረወር ድረስ ያለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሴኮንድ ተኩል ገደማ ነው። በዚያች ጊዜ ሪሲቨሩ በሙሉ ፍጥነት ይፈተለካል፣ ድንገት ቆሞ ይመለሳል፣ ወደ ውስጥ ይሰብራል ወይም ወደ መስመሩ ይታጠፋል። ኮርነርባኩ ወደ ኋላ እየሮጠ የተቀናቃኙን ወገብ ያነባል፤ ጭንቅላትና ትከሻ ያታልላሉ፣ ወገብ ግን ሰውየው የሚሄድበትን ቀድሞ ይናገራል። የራሱን ወገብ ቀድሞ ካዞረ ተበላ፤ ዘግይቶ ካዞረም ተበላ።

አቋቋሙ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፕሬስ ይባላል፤ ሪሲቨሩ አፍንጫ ሥር ቆሞ ስናፑ (ኳሱ ለኳርተርባኩ ተሰጥቶ ጨዋታው የሚነሳበት ቅጽበት) እንደተጀመረ በእጅ ገፍቶ ሩጫውን ማዛባት ነው። የማጥቃቱ ጨዋታ በሰዓት የተለካ ስለሆነ የግማሽ ሴኮንድ መዘግየት ብቻውን ኳሱን ያበላሻል። እጁ ከሳተ ግን ሪሲቨሩ አልፎት ሄዷል፤ ከኋላ ሴፍቲ ከሌለ ወሬው የሚሰማው ከጎሉ መስመር ነው። ሌላው 6 ወይም 7 ያርድ ርቆ መቆም ነው፤ ረጅሙን ኳስ ይዘጋል፣ አጭሩን ግን ይሰጣል። የትኛውንም ቢመርጥ ጥሩ ኮርነርባክ የዳር መስመሩን ይጠቀምበታል። ሪሲቨሩን ቀስ በቀስ ወደ መስመሩ ያስጠጋዋል፣ ኳሱ የሚወድቅበትን ቦታ ያጠብበታል። የሜዳው ስፋት ከ53 ያርድ ትንሽ ይበልጣል፤ ያን ሁሉ ስፋት አንድ ሰው ብቻውን እንዲጠብቅ ከተደረገ መሸነፉ የሰዓት ጉዳይ ነው።

ሕጉም ከሪሲቨሩ ጋር ቆሟል፤ ይህ የሆነው ደግሞ በአጋጣሚ አይደለም። እስከ 1970ዎቹ ማብቂያ ድረስ ተከላካዩ ኳሱ እስኪወረወር ሪሲቨሩን ሜዳው ላይ መግፋት ይችል ነበር። በዚህ የተካነው የፒትስበርግ ስቲለርስ ኮርነርባክ ሜል ብላውንት ነበር። በ1978 ሊጉ ግፊያውን በመጀመሪያዎቹ 5 ያርዶች ወሰነው፤ ደንቡ እስከ ዛሬ በብላውንት ስም ይጠራል። በጃኑዋሪ 2004 ኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ ኮልትስን 24 ለ 14 ሲረታ ኮርነርባኩ ታይ ሎው የኮልትሱን ኳርተርባክ የፔይተን ማኒንግን 3 ኳሶች ጠለፈ፤ የኮልትስ ሪሲቨሮች ሲጎተቱና ሲያዙ መዋላቸው ብዙ አነጋገረ። ለቀጣዩ የውድድር ዘመን ዳኞች የ5 ያርዱን ደንብ አጥብቀው እንዲያስከብሩ ታዘዙ፤ ማኒንግም በ2004 በጊዜው ክብረ ወሰን የነበረውን 49 ታችዳውን ወረወረ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ኮርነርባክ ሁሉ የሚጫወተው እጁ ግማሽ ታስሮ ነው። ብላውንትንና የዛሬዎቹን በቁጥር ማነጻጸር ለሁለቱም አይገባም።

በዚህ ሁሉ ላይ ቆሞ ነው የጄትሱን ኮርነርባክ የዳሬል ሪቪስን 2009 ማየት የሚገባው። በጄትስ የመጀመሪያ ዓመቱን የጀመረው ዋና አሰልጣኝ ሬክስ ራያን፣ ሪቪስን በየሳምንቱ የተቃራኒውን ምርጥ ሪሲቨር እንዲከተል አዘዘው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድሬ ጆንሰን 4 ኳስ ለ35 ያርድ ብቻ አገኘ፤ ጆንሰን በዚያ ዓመት ሊጉን በ1,569 ያርድ የመራ ሰው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ራንዲ ሞስ 4 ኳስ ለ24 ያርድ። የካሮላይናው ስቲቭ ስሚዝ 1 ኳስ ለ5 ያርድ። በመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ ቻድ ኦቾሲንኮ ምንም። ሪቪስ በዚያ ዓመት 31 ኳሶችን በእጁ አበላሸ፣ 6 ጠለፈ። ተቀናቃኞቹ የሚጣሉበትን ስፍራ ሰዉ «የሪቪስ ደሴት» አለው፤ ማንም የማይደርስልህ ቦታ ለማለት ነው። የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሽልማት ግን ለቻርልስ ውድሰን ሄደና ሪቪስ ሁለተኛ ወጣ። ውድሰን ትልቅ ተጫዋች ነው፤ በእኔ ፍርድ ግን የዚያ ዓመት ሽልማት ለሪቪስ ይገባ ነበር።

ከቁጥሮቹ በላይ የሚደንቀኝ ግን ራያን በሪቪስ ምክንያት ምን ማድረግ እንደቻለ ነው። ሞስን ወይም ጆንሰንን የሚገጥም ቡድን ሁሉ አንድ ሴፍቲ ወደዚያ ጎን ያዘነብላል፤ ግዴታው ነው። ጄትስ አላደረገውም። የተረፈውን ሰው ራያን ኳርተርባኩ ላይ ለቀቀው፣ ሩጫ ለማቆም ወደፊት አመጣው፣ ሁለተኛውን ሪሲቨር በሁለት ሰው አስያዘው። ጄትስ በዚያ ዓመት በሊጉ ጥቂት ነጥብም ጥቂት ያርድም የተቆጠረበት ቡድን ሆነ። ሪቪስ ኳስ ሳይነካ ባለፈባቸው ስናፖች ጭምር ጨዋታውን ይለውጥ ነበር ማለት ነው፤ ይህን የሚይዝ ሠንጠረዥ አልነበረም።

የዚያው ዓመት መጨረሻ ግን የዚህን ስልት ወሰን ያሳያል። በጃኑዋሪ 2010 የኤ.ኤፍ.ሲ. (አሸናፊው ወደ ሱፐር ቦውል የሚያልፍበት የሊጉ ግማሽ ክፍል) ፍጻሜ ጄትስ ኢንዲያናፖሊስ ሄዶ ከማኒንግ ጋር ተጫወተ። ሪቪስ ሬጂ ዌይንን ያዘ፤ ዌይን 3 ኳስ ለ55 ያርድ ብቻ። ማኒንግ አልተጨነቀም። ፒየር ጋርሶን 11 ኳስ ለ151 ያርድ፣ ኦስቲን ኮሊ 7 ኳስ ለ123 ያርድ ተቀበሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ታችዳውን አስቆጠሩ። ማኒንግ 377 ያርድ ወርውሮ ኮልትስ 30 ለ 17 አሸነፈ። ሪቪስ የተሰጠውን ሥራ ሠርቷል፤ ዌይን አልጎዳቸውም። ኳርተርባኩ ታላቅ ሲሆን፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሪሲቨሮቹም የበሰሉ ሲሆኑ፣ አንዱን በር መዝጋት ሌላውን በር ከማሳየት አያልፍም።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2024 የዴንቨሩ ፓትሪክ ሰርቴን 4 ኳስ ጠልፎ፣ አንዱን ከራሱ ጎል መስመር አጠገብ 100 ያርድ ሮጦ ታችዳውን አድርጎት፣ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ፤ ከ2019ኙ ስቴፎን ጊልሞር ወዲህ ሽልማቱን የወሰደ የመጀመሪያው ኮርነርባክ ነው። ቼዝ ደግሞ በዚያው ዓመት በ127 ኳስ፣ በ1,708 ያርድና በ17 ታችዳውን ሊጉን በሦስቱም መራ። ዲሴምበር 28 ሁለቱ ቡድኖች ሲንሲናቲ ላይ ሲገናኙ አገሩ ሁሉ የጠበቀው የሁለቱን ፍልሚያ ነው። ቼዝ 9 ኳስ ለ102 ያርድ አገኘ፤ ዴንቨርን ያቃጠለው ግን 11 ኳስ ለ131 ያርድ ተቀብሎ 3 ታችዳውን ያስቆጠረው ቲ ሂጊንስ ነበር። የመጨረሻዋም በተጨማሪ ሰዓት የገባችውና 30 ለ 24 የጨረሰችው ናት። ሲንሲናቲ በ2025 ለቼዝ ብቻ ሳይሆን ለሂጊንስም ረጅም ውል የፈረመው ለምን እንደሆነ ከዚያ ምሽት በላይ የሚያስረዳ የለም።

እንግዲህ ምርጡን ኮርነርባክ ምርጡ ሪሲቨር ላይ ማድረግ ትክክል ነው? የፓትሪዮትስ አሰልጣኝ የነበረው ቢል ቤሊቺክ በ2014 የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ሁሉ ብልህ ይመስለኛል። በዚያ ዓመት ሪቪስ የፓትሪዮትስ ተጫዋች ነበር። ኮልትስን ሲገጥሙ አደገኛው ፈጣኑ ቲ.ዋይ. ሂልተን ነው፤ ሁሉም ሪቪስ ሂልተንን ይይዛል ብሎ ጠበቀ። ቤሊቺክ ሂልተንን ለካይል አሪንግተን ሰጠው፤ ከኋላው ደግሞ ሴፍቲው ዴቪን ማኮርቲን አቆመ። ሪቪስን ሬጂ ዌይን ላይ ያለ ረዳት ተወው። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ኮከቡ ላይ ሁለት ሰው፣ ሁለተኛው ላይ በጭራሽ ረዳት የማያስፈልገው ሰው። ሂልተን በኖቬምበሩ ጨዋታ 3 ኳስ ለ24 ያርድ፣ በጃኑዋሪው የኤ.ኤፍ.ሲ. ፍጻሜ 1 ኳስ ለ36 ያርድ አገኘ፤ ፓትሪዮትስ 42 ለ 20 እና 45 ለ 7 አሸነፈ። ራያን የሪቪስን ችሎታ ኮከቡን ለመግደል አዋለው፤ ቤሊቺክ ደግሞ ሁለተኛውን በር በሪቪስ ቆልፎ ኮከቡን በብዛት ከበበው። በ2010 ጋርሶንና ኮሊ የከፈቱት ቀዳዳ በ2015 የተደፈነው በዚህ ነው።

ሌላው ክርክር ኮርነርባኩ ሪሲቨሩን በሜዳው ሁሉ ይከተል ወይስ በራሱ ጎን ይቆይ የሚለው ነው። የሲያትሉ ሪቻርድ ሸርማን በመከላከሉ ግራ ጎን ይቆም ነበር። በኮሌጅ መጀመሪያ ሪሲቨር ስለነበር የሩጫ መንገዶችን ከውስጥ ያውቃቸዋል። በሴፕቴምበር 2014 የሊጉ መክፈቻ ጨዋታ የግሪን ቤይ ኳርተርባክ አሮን ሮጀርስ ወደ ሸርማን ጎን አንድም ኳስ ሳይወረውር ጨዋታውን ጨረሰ፤ ሲያትል 36 ለ 16 ረታ። ይህ ለሸርማን ክብር ነው፤ ግሪን ቤይም የሜዳውን አንድ ጎን በፈቃዱ ጥሎ በቀሪው ብቻ ተጫወተ። የቆመ ኮርነርባክ መድከሚያ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው፤ አጥቂው ኮከቡን ወደ ሌላው ጎን ማሻገር ይችላል።

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ያለው ሀበሻ ይህን በራሱ ቡድን አይቶታል። በ2016 ዋሽንግተን ጆሽ ኖርማንን በ5 ዓመት 75 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ሴፕቴምበር 12 ቀን በመክፈቻው ጨዋታ ፒትስበርግ ወደ ላንዶቨር መጣ። ኖርማን በግራ ጎኑ ቆየ፤ የፒትስበርጉ ሪሲቨር አንቶኒዮ ብራውን በብዛት ከሌላው ኮርነርባክ ከባሻድ ብሪላንድ ፊት ተሰለፈና 8 ኳስ ለ126 ያርድ፣ 2 ታችዳውን አስቆጠረ። ፒትስበርግ 38 ለ 16 አሸነፈ። በማግስቱ ከተማው ሁሉ ይጠይቅ የነበረው ያን ያህል የተከፈለው ሰው ለምን አልተከተለውም እያለ ነው። ቁጣው ይገባኛል። ኖርማን ግን በካሮላይና ስሙን ያተረፈው በአብዛኛው ዞን (ሰው ከመከተል ይልቅ የሜዳ ክልል መጠበቅ) በሚጫወት ቡድን፣ ዓይኑ ኳርተርባኩ ላይ ሆኖ ነው። ዋሽንግተን የገዛው ተጫዋቹን እንጂ ያን ሥርዓት አልነበረም። በዚያ ምሽት ጥፋቱ የኖርማን ነው ብዬ አላምንም፤ የበለጠው ጥፋት ብሪላንድን ያለ በቂ ረዳት የተወው የጨዋታ ዕቅድ ላይ ነው።

መከተልም ነፃ አይደለም። ሪሲቨሩ ከስናፑ በፊት ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲሻገር ኮርነርባኩ አብሮት ከሮጠ፣ ኳርተርባኩ «ሰው በሰው ነው» ብሎ ወዲያው ይረዳል፤ ካልተከተለው ዞን መሆኑን ይገምታል። የዛሬ ማጥቃት ይህን መረጃ ለማግኘት ብቻ ሰው ያንቀሳቅሳል። ኮከቡን ወደ ስሎት ማስገባትም እየበዛ ነው። ስሎት ማለት በመስመሩ ሰዎችና በዳር ሪሲቨሩ መካከል ያለው ቦታ ነው፤ እዚያ የቆመ ሰው ግራም ቀኝም ክፍት ሜዳ ስላለው የዳር መስመሩ ለኮርነርባኩ አይረዳውም። ኩፐር ከፕ በ2021 ለሎስ አንጀለስ ራምስ 145 ኳስ፣ 1,947 ያርድና 16 ታችዳውን የሰበሰበው በዚህ አሰላለፍ ብዙ ተጠቅሞ ነው። ዳር ላይ ብቻ የሠለጠነ ኮርነርባክ እዚያ ውስጥ ሲገባ ሥራው ሌላ ሥራ ይሆንበታል።

ሁለት ሪሲቨሮችን አንዱን ከሌላው ፊት ደርቦ ማሰለፍም ሌላው ዘዴ ነው፤ የፊተኛው መንገድ ይዘጋል፣ የኋለኛው ነፃ ይወጣል። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2015 ሱፐር ቦውል፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሴኮንዶች ሲቀሩት፣ ሲያትል ከ1 ያርድ ይህንኑ አደረገ። ከፊት ጀርሜይን ከርስ፣ ከኋላው ሪካርዶ ሎኬት። ማልኮም በትለር ኳሱን ጠልፎ ፓትሪዮትስን 28 ለ 24 ሲያሸንፍ ዓለም ያየው በትለርን ነው። እኔ ያንን ቅጽበት በደገምኩት ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ብራንደን ብራውነር ላይ ነው። ብራውነር ከርስን እዚያው መስመሩ ላይ ይዞ አስቀረው፤ ከርስ አንድ እርምጃ ቢራመድ ኖሮ የበትለር መንገድ ይዘጋ ነበር። በትለር በድራፍት ያልተመረጠ ጀማሪ ነው፤ ብራውነር ደግሞ ቀድሞ የሲያትል ተጫዋች ነበር። ከታዋቂው ጠለፋ ጀርባ ስሙ በሠንጠረዥ ያልገባ ሁለተኛ ኮርነርባክ አለ።

ስለ ሠንጠረዥ ካነሳን፣ ኮርነርባክን በቁጥር መመዘን ከሁሉም ቦታዎች ይከብዳል። ጠለፋ የሚቆጠረው ኳስ ሲመጣ ነው፤ የሚፈራ ሰው ጋ ደግሞ ኳስ አይመጣም። የኦክላንዱ ናምዲ አሶሙጋ በ2006 8 ኳስ ጠለፈ። ከዚያ በኋላ ኳርተርባኮች ሸሹት፤ በ2007፣ በ2008 እና በ2009 በየዓመቱ አንድ አንድ ብቻ ጠለፈ፣ በ2010 ምንም። ሠንጠረዡ ሰውየው ወደቀ ይላል፤ ሜዳው ላይ የሆነው ተቃራኒው ነው። ዛሬ በትከሻ መከላከያው ውስጥ በሚገባው መሣሪያ የእያንዳንዱ ተጫዋች ቦታና ፍጥነት ይለካል፣ «እገሌ ላይ ተወርውሮ ይህን ያህል ያርድ ተሰጠ» የሚል ቁጥርም በየሰኞው ይወጣል። ጠቃሚ ነው፤ በጥንቃቄ ግን መነበብ አለበት። በዞን መከላከል ሪሲቨሩ ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው ሲሻገር ኃላፊነቱ ከሰው ወደ ሰው ያልፋል፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚያውቁት አሰልጣኞቹና ተጫዋቾቹ ናቸው። በአንድ ጨዋታ አንድ ኮርነርባክ ላይ የሚወረወረው ኳስም ጥቂት ስለሆነ አንድ ስህተት የሳምንቱን ቁጥር ሁሉ ያበላሻል።

የዳኛው ፉጨትም አለ። ኳሱ አየር ላይ ሳለ ሪሲቨሩን ማደናቀፍ ቅጣቱ ጥፋቱ የተሠራበት ቦታ ላይ ኳሱን ማኖር ነው፤ 40 ያርድ ርቆ ቢሆን 40 ያርድ ይሄዳል። በፌብሩዋሪ 2023 ሱፐር ቦውል የፊላዴልፊያው ኮርነርባክ ጀምስ ብራድበሪ የካንሳስ ሲቲውን ጁጁ ስሚዝ-ሹስተርን በማሊያው ይዞ ተፈረደበት፤ ካንሳስ ሲቲ ሰዓቱን ጨርሶ 38 ለ 35 አሸነፈ። ብራድበሪ ከጨዋታው በኋላ መያዙን አምኗል፣ ለዚህም ትልቅ አክብሮት አለኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሱፐር ቦውል ደግሞ ቲ ሂጊንስ የጄለን ራምሲን የራስ ቁር ይዞ አልፎ 75 ያርድ ታችዳውን ሲያስቆጥር ፉጨት አልተሰማም።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ሪሲቨር በዓመት 40 ሚሊዮን፣ ኮርነርባክ 30 ሚሊዮን የሆነው ገበያው ኮርነርባክን ስለናቀ አይደለም። አሰልጣኝ ለቼዝ ኳስ እንዲደርሰው በየስናፑ ማቀድ ይችላል፤ ለሰርቴን ኳስ እንዲመጣለት ማቀድ አይችልም። ሪሲቨር የማጥቃቱን ዕቅድ ይመራል፣ ኮርነርባክ ተቃራኒው ለመረጠው ነገር መልስ ይሰጣል። ከዚህም በላይ የኮርነርባክ ችሎታ ከሥርዓት ሥርዓት እንደልብ አይጓዝም። አሶሙጋ በ2011 በ5 ዓመት 60 ሚሊዮን ዶላር ወደ ፊላዴልፊያ ሄደ፤ በኦክላንድ አንድ ጎን ቆሞ ሰው በሰው ይጫወት የነበረውን ሰው በየቦታው አዘዋወሩት፣ ከሁለት ዓመት በኋላም አሰናበቱት። ሪቪስም በ2013 በዓመት 16 ሚሊዮን ዶላር ወደ ታምፓ ቤይ ሄደ፤ ቡድኑ ዞን አብዝቶ አጫወተው፣ 4 አሸንፎ 12 ተሸነፈ፣ በማርች 2014 ለቀቀው። በዚያው ወር ፓትሪዮትስ አነሣው፤ የሆነውን ከላይ አይተናል። ጉልበቱም ዕውቀቱም ያው ነበር፤ የተለየው የተሰጠው ሥራ ነው።

የጋርድነርን ዝውውር የማየው በዚህ ዓይን ነው። በጄትስ ሳለ ብዙ ጠለፋ አልነበረውም ብሎ ዋጋውን የሚያራክሰው ሰው አሶሙጋን ረስቷል። ሁለት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ የትኛውንም ኮርነርባክ ያስከፍላል ወይ ለሚለው ግን መልሴ ቅድመ ሁኔታ አለው። የኮልትስ የመከላከል አሰልጣኝ ሉ አናሩሞ በሲንሲናቲ ሳለ በጃኑዋሪ 2022 የኤ.ኤፍ.ሲ. ፍጻሜ ሁለተኛ አጋማሽ 8 ተከላካዮችን ወደ ኋላ እየመለሰ የካንሳስ ሲቲውን ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስን ያደናገረ፣ ዕቅዱን ከሳምንት ሳምንት የሚቀያይር ሰው ነው። ጋርድነርን በዞን ውስጥ ከሌሎቹ እኩል ካሰለፈው ኮልትስ ከልክ በላይ ከፍሏል። አንዱን ጎን ለጋርድነር ብቻውን ትቶ ሴፍቲውን ወደ ሌላው ካዘነበለ ግን ሁለቱ ምርጫዎች የተገዙበት ነገር ሜዳው ላይ ይታያል። በኮልትስ ጨዋታ ላይ ከስናፑ በፊት የሚመለከቱት ካለ፣ ጋርድነር ከማን ፊት ቆመ ከማለት በፊት ከጀርባው ሴፍቲ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ።